ድምፃዊ የሌለው መድረክ፦ ስለ ዋሊያስ ባንድ ለአንድ ወዳጄ ነቀፋ የተሰጠ ምላሽ

የአማርኛ ሥነ ግጥም የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ስለ ዋሊያስ ባንድ የሰጠው ፍርድ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። በእሱ ዐይን ዋሊያስ የሆቴል ባንድ ነው። የአሜሪካኖችን የኦርጋን አጨዋወት ወስዶ አገርኛ ዜማ አለበሰው፤ ለእራት ተመጋቢ አቀረበው፤ ድምፃዊ በጎደለው ቦታ ላይ ጉድለቱን ጥበብ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ስሙ የገነነውም ፈረንጅ ሸክላውን ዳግመኛ አሳትሞ ስላደነቀው ነው እንጂ የአገሩ አድማጭ ከልቡ ስለያዘው አይደለም። ወዳጄ ይህን ሲል አይቀልድም፤ እኔም ቀልድ ነው ብዬ ላልፈው አልሞክርም። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ቢናገረው ኖሮ መልስ ባላሻው ነበር። እሱ ግን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ስንኝ በስንኝ የሚተነትን፣ በዘፈን ግጥም ላይ ብዙ ያሰበ ሰው ነው። ከዚህም በላይ የተናገረው የራሱን ብቻ አይደለም። በአገራችን ሙዚቃ ላይ የሚጻፈው ሂስ አብዛኛው ከግጥም ይጀምርና በድምፃዊው ያበቃል። ባንዱ ከካሴቱ ሽፋን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አጃቢ ነው። ስለዚህ ለወዳጄ የምሰጠው ምላሽ ሳላስበው ለዚህ የሂስ ልማድ ጭምር የሚሰጥ ሆኗል።

ዋሊያስን የምወደው ከልጅነት ትዝታዬ ጋር ስለተቆራኘ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳዳምጠው፣ በዚህ አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ባንድ ራሱ ደራሲ ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ሙግቴም ይኸው ነው።

ከከባዱ ክስ ልጀምር፤ ቃል የለውም ከሚለው። ወዳጄ እንደሚያምነው የአማርኛ ዘፈን ነፍሱ ግጥሙ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚገርፈው ስንኙ እስኪደርስለት ነው፤ ለቅሶ አውራጇ ሙሾዋን ስታወርድ የሚያስለቅሰው ቃሉ ነው፤ ትዝታ እንኳ በዜማው ሳይሆን በየዘመኑ በሚጨመርለት ግጥም ይኖራል። ይህ ሁሉ እውነት አለው። ነገር ግን ከዚሁ ባህል ውስጥ ሌላም እውነት ይገኛል። እረኛው ከብቱን አሰማርቶ ዋሽንቱን ሲነፋ ቃል አይናገርም፤ የሚሰሙት ግን ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ። ጎበዝ ነፊ ዋሽንቱን አናገረው ይባልለታል፣ ክራር ደርዳሪውም እንዲሁ። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላን ከፎካሪው ጉሮሮ አውጥቶ ወደ ሳክስፎን ሲያስገባ ቃሉ ሁሉ ቀርቶ ቁጣው፣ ማስፈራራቱ፣ ትንፋሽ መያዙና መልቀቁ ግን አልቀረም። ሳክስፎኑን የሰማ ኢትዮጵያዊ ፉከራ መሆኑን ለመለየት ቃል አልጠየቀም። እንግዲህ መሣሪያ መናገር ይችላል የሚለው እምነት ዋሊያስ በሆቴል ውስጥ የፈጠረው ሰበብ ሳይሆን ከዋሽንቱና ከክራሩ የወረሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የታተመውን «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላ እንውሰድ። በውስጡ እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» ያሉ፣ ርዕሳቸው ራሱ ዘፈን የሚያሰማ ሥራዎች አሉ፤ «እቲ ጓል ብሌናይ» የሚል የትግርኛ ርዕስ ያለውም አለ። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ የእንዲህ ዓይነቱን ዜማ ሲጫወት የሚያደርገውን በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው፣ ጣቶቹ ድምፃዊን እንደሚከተሉ ይረዳል። አንድ ኖታ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይመታል፤ እዚያ ቦታ ላይ የቃሉ ፊደሎች ተደርድረው ነበርና። ዋናውን ድምፅ ከመያዙ በፊት ከጎኑ ያለውን በአጭሩ ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ድምፃዊው በጉሮሮው የሚያርገበግበው እዚያ ላይ ነበርና። ስንኝ ሲያልቅም እጁን ያነሳል። ኦርጋን ትንፋሽ አያልቅበትም፤ ቁልፉን እስከተጫኑት ድረስ ይጮኻል። ኃይሉ ግን ዘፋኝ በሚተነፍስበት ቦታ ዝም ይላል። ዘፈኑን የሚያውቅ አድማጭ ያኔ ቃሉን ከራሱ ያወጣል። ግጥሙ ጠፋ የሚለውን ክስ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ግጥሙ ከመድረኩ ወደ አድማጩ አፍ ተላልፏል።

ዘመኑንም መርሳት አይገባም። በደርግ ጊዜ የዘፈን ግጥም ሕዝብ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። ቃል ያለው ሥራ ሁሉ ቀድሞ ተነብቦ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። ቃል የሌለው ሙዚቃ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ወረቀት አልነበረውም። ዋሊያሶች ይህን አስበው አመፁ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እንዲያ ብሎ ጀግና ማድረግም አያስፈልጋቸውም። የምለው ሌላ ነው፦ የዘፈን ቃል ሁሉ በመንግሥት መዳፍ በነበረበት ጊዜ አድማጭ የራሱን ቃል ይዞ የሚገባበት ሙዚቃ መኖሩ ትንሽ ነገር አልነበረም። ወዳጄ በጣም የሚወዳቸው ባለ ሁለት ፍች ስንኞች የሚሠሩት አድማጩ የተደበቀውን ፈልጎ ሲያገኝ ነው። እዚህ ደግሞ አድማጩ የሚፈልገው ሙሉውን ስንኝ ነው፤ ሥራው ከበደ እንጂ አልቀለለም።

ይሁንና ይህ መከላከያ የሚያዋጣው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። የባንዱ ታላቅ ሥራ ብዬ የማምነው «ሙዚቃዊ ስልት» ከመጀመሪያው ለመሣሪያ የተደረሰ ነው። ደራሲው ግርማ በየነ ነው፤ ራሱ ድምፃዊ፣ የፒያኖ ተጫዋችና በዘመኑ ከነበሩት አቀናባሪዎች ሁሉ ጆሮው ስል የነበረ ሰው። እዚህ ሥራ ውስጥ አድማጩ የሚያስታውሰው ቃል የለም። እናም ወዳጄ፣ እንግዲያውስ ይኸኛው ምን ይላል ብሎ ቢጠይቀኝ ልክ ነው።

እኔ የምሰማው ይህን ነው። ከታች አንድ አጭር፣ ከባድና ግትር ሐረግ ይነሳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይመለሳል። አይለወጥም፣ ወደ ሌላ ቦታም አይሻገርም። ከላዩ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ በአንድ አፍ ዜማውን ይይዛሉ። ሁለቱ ነፊዎች ድምፃቸውን ለመለያየት፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ በስምምነት ለመደራረብ አይቸኩሉም፤ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በመካከላቸው ጠባብ የሆነች የቃና እርምጃ አለች፤ ጆሮ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆንጠጥ ይላል። ከዚያ ነፊዎቹ ሲያርፉ ኦርጋኑ ይቀበላል። ይህ የአውጪና ተቀባይ ሥርዓት ነው፤ በሠርግ ቤት፣ በአዝማሪ ቤት፣ በጥምቀት ጭፈራ የምናውቀው። ልዩነቱ እዚህ አውጪው ሰው ሳይሆን የመሣሪያ ቡድን መሆኑ ነው፤ ደግሞም አውጪና ተቀባዩ ሲቀያየሩ ማን ዋና ማን አጃቢ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ርዕሱም ራሱ ስለ ሌላ ነገር እንደማያወራ ይናገራል፤ ሥራው ስለ ስልት ነው። ባንዱ ራሱን፣ አሠራሩን፣ እርስ በርስ መደማመጡን ለሕዝብ ያቀረበበት ሥራ ነው። ቀድሞ አስተዋዋቂው ድምፃዊውን እስኪጠራ ድረስ መግቢያ ይጫወት የነበረ ቡድን መግቢያውን ራሱን ሥራ አደረገው። ይህ በኪነ ጥበብ ታሪካችን ውስጥ ትልቅ እርምጃ ይመስለኛል፤ ሂሳችን ግን እስካሁን በወጉ አልጻፈውም።

አሁን ወደ መቅዳት ክስ። ኃይሉ መርጊያ የአሜሪካዊውን የጂሚ ስሚዝን ኦርጋን እንደሚወድ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል፤ የተሸሸገ ነገር የለም። ጊታሩ የአሜሪካ ሶልና ፈንክ የሰማ ጊታር ነው፤ ድራሙም እንዲሁ። ሆኖም ተጽዕኖ መኖሩ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ የሚጠየቀው ከተጽዕኖው ምን ወጣ ነው። ጂሚ ስሚዝ በሚጫወትበት ቡድን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባስ ተጫዋች የለም፤ የባሱን መስመር ራሱ በእግሩና በግራ እጁ ይሸከማል። መዋቅሩ ኮርዶች በየተራ የሚለዋወጡበት የብሉስና የጃዝ መዋቅር ነው፤ ተጫዋቹ በዚያ ላይ ዙር በዙር እየረዘመ፣ እየራቀ ይፈጥራል፤ ደስታው ከዜማው መራቁ ውስጥ ነው። በዋሊያስ ውስጥ ግን ባሱን የያዘው መላከ ገብሬ ነው። ስለዚህ የኃይሉ እጆች ከዚያ ሸክም ነፃ ወጥተው ዜማ ላይ አረፉ። ኮርዱ አይንከራተትም፤ ቅኝቱ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹም ዜማውን አስጊጦ ይመልሰዋል እንጂ ጥሎት አይሄድም። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የሚሠራው ሥራ ተገልብጧል። መቅዳት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚቀዳው ይኸው የፈጠራ ርቀት ነበር፤ ቀላሉም፣ አስደናቂውም፣ ለሆቴል እንግዳ የሚታወቀውም እሱ ነውና።

በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ወደ ኦርጋን የመጣው ከአኮርድዮን ነው። ገና በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ አልፏል፤ አኮርድዮንም በዚያን ዘመን ለአገራችን ዘፈን እንግዳ አልነበረም። አኮርድዮን የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ስንኝ ይከፍላል። ከላይ ያነሣሁት የኦርጋን ዝምታ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ከጂሚ ስሚዝ ይልቅ ወደዚህ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ወዳጄ ሙላቱ አስታጥቄን ያከብራል። ሙላቱ በውጭ አገር ተምሮ የአገሩን ቅኝት ከጃዝ ጋር በእውቀት ያጋባ ሊቅ ነው ይላል፤ ትክክል ነው። ዋሊያሶች ግን በጆሮ የለመዱትን ይጫወታሉ ይላል። ታዲያ ያው ሙላቱ በ«ቼ በለው» ላይ ቫይብራፎን ይዞ ከእነሱ ጋር መቀመጡን ምን ሊያደርገው ነው? ሙላቱ በራሱ ሸክላዎች ላይ አቀናባሪ ነው፤ ሌሎቹ የእሱን ሐሳብ ይጫወታሉ። እዚህ ላይ ግን ከብዙዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል፤ የቫይብራፎኑ ድምፅ ከኦርጋኑ ጎን ቀዝቀዝ ብሎ ይሰማል እንጂ አይገዛም። ሁለቱ የተለያዩ የሥራ መንገዶች ናቸው፦ አንዱ የአንድ ሰው ሐሳብ፣ ሌላው የቡድን ልማድ። የመጀመሪያውን እውቀት፣ ሁለተኛውን ልምምድ ብሎ መክፈል በትምህርት ቤት ያልተገኘን እውቀት ሁሉ ይሰርዛል፤ ያንን ሚዛን ደግሞ ወዳጄ ራሱ በሚያከብራቸው አዝማሪዎች ላይ አይጠቀምበትም።

የሆቴሉ ጉዳይ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ወዳጄ እንደ ስድብ የሚናገረው ይህ ነገር ለእኔ የባንዱ ታሪክ ዋና ምሰሶ ነው። ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛውን አስተማሩት፣ ደመወዝ ከፈሉት፣ መለዮ አለበሱት። መሣሪያውም የተቋሙ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ክበቦችና ሆቴሎች ውስጥም መሣሪያውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነበር። የሰው መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ባለቤቱ ፊቱን ባዞረበት ቀን ባዶ እጁን ይወጣል፤ ምን እንደሚጫወት፣ ማንን እንደሚያጅብ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሌላው ይወስንለታል። ዋሊያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ወደ አዲስ አበባ ሂልተን የገቡትም እንደ ቡድን በስማቸው ተዋውለው ነው። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የጥበብ ጉዳይም ነው። ሰባት ሰዎች በየሌሊቱ አብረው፣ በራሳቸው መሣሪያ፣ ለዓመታት ሲጫወቱ ነው ያ ከላይ የገለጽኩት መደማመጥ የሚበቅለው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን በአንድ ሳምንት ልምምድ የተሰባሰበ አጃቢ ቡድን ሊጫወተው አይችልም፤ ኖታውን ሊጫወት ይችላል፣ ክብደቱን አያገኘውም። ሆቴሉ ለዚህ ቡድን የሰጠው ከምግብ አዳራሽ በላይ ጊዜ ነው። በዚህ አገር ለሙዚቃ ቡድን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ሰጠው።

በእርግጥ ሂልተን ሂልተን ነው። በዚያ አዳራሽ የሚቀመጠው ዲፕሎማት፣ ነጋዴ፣ የውጭ እንግዳ፣ ኑሮው የደላው የከተማ ሰው ነበር። ባንዱም ለእንግዶቹ ሲል የዘመኑን የውጭ ዘፈኖች ይጫወት ነበር። ይህን ለወዳጄ እሰጠዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉ የተጫወቱትን ሁሉ ልከላከል አልተነሣሁም።

ከዚህ የከፋ ጥያቄም አንሥቷል። «ቼ በለው» የወጣው የቀይ ሽብር ደም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በሚፈስበት ዓመት ነው። ውጭ ወጣቶች እየተገደሉ ውስጥ ይደንሱ ነበር ይላል ወዳጄ። የዚህን ክስ ክብደት አውቃለሁ፤ በዚያ ዘመን ሰው ያላጣ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ዳንሱን የሚያስታውስ ሰውም እዚያው ጎን ሐዘኑን ያስታውሳል። ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን እንየው። ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ማታ ወደ ሆቴሉ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወታል። ሙዚቀኞቹም እንደ እንግዶቹ እዚያው የታሰሩ ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ያንን ሌሊት ፈንጠዝያ ብሎ ብቻ ሊጠራው አይችልም። ሙዚቃው ራሱም ፈንጠዝያ አይመስልም። የሚጠራጠር ሰው በሸክላው ላይ ያሉትን ዝግተኛ ሥራዎች ያዳምጥ፤ ኦርጋኑ ላይ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ድምፅ አለ፤ የሚደንስ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚደንሰው። ከዚያም አልፎ፣ ሥራው በሸክላና በካሴት ከሆቴሉ አጥር ወጥቷል። ሂልተን ደጅ ደርሶ የማያውቅ ሰው ሙዚቃውን ሊሰማ የሚችለው በዚህ መንገድ ነበር፤ ሸክላ አሳታሚው አሊ አብደላ ካይፋም የሚሸጠው ለሂልተን እንግዶች አልነበረም። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባንዱ «ትዝታ» የተሰኘውን የመሣሪያ ሙዚቃ በካሴት ማውጣቱም ይህንኑ ያመለክታል፤ ካሴት ርካሽ ነው፣ ይገለበጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ፈረንጅ ስላደነቀው ነው የሚለውን ባጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትሞቹ የዋሊያስን ሥራ ለውጭ አድማጭ እንዳደረሰ፣ ኋላም ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2014 «ቼ በለው»ን ዳግመኛ እንዳወጣው የታወቀ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ኤይዘር ኦርኬስትራን የመሰሉ የውጭ ቡድኖች «ሙዚቃዊ ስልት»ን ተጫውተውታል። ነገር ግን የዚያ አሳታሚ መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ ከኃይሉ ሙዚቃ ጋር የተገናኘው የት ነው? ባሕር ዳር ውስጥ፣ አንድ ካሴት ላይ። ካሴቱ ኃይሉ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆኖ የሠራው ነው። ከውቅያኖስ ማዶ የተሠራ፣ ቃል የሌለው ሥራ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎት ባሕር ዳር ላይ የሚገኘው የሚገዛው፣ የሚገለብጠውና የሚያስቀምጠው ሰው ስለነበረ ነው። ፈረንጁ ያገኘው እኛ ያቆየነውን ነው። ምስጋና ይገባዋል፤ መነሻው ግን እሱ አይደለም።

ይልቅ ስለዚህ ዳግም መታተም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ወዳጄ ሳያውቀው ወደ እኔ ይጠጋል። ባንዱ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለጉብኝት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከጉብኝቱ በኋላ ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ዙላ ባንድ በሚል ስምም ተጫወቱ። ነባሩ ዋሊያስ ግን ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ዓለም የሰማው ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ፣ ደንበኛ እስኪመጣ የቁልፍ ሰሌዳውን አውጥቶ የሚለማመድ አንጋፋ ሙዚቀኛ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ልብም ይነካል፤ ኃይሉም በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ላላ በሉ» በተሰኘው አልበሙ ጣቶቹ አለመዛጋቸውን አሳይቷል። ወዳጄ ግን የሸጠው ሙዚቃው ሳይሆን የታክሲው ታሪክ ነው ይላል። ለእኔ ጉዳቱ ከዚህም ይለያል፤ ታሪኩ ባንዱን ወደ አንድ ሰው አጠበበው። ድምፃዊ ሳይኖር በቡድን የቆመውን ሥራ ወስደን እንደገና አንድ ስም ከላይ አስቀመጥንለት፤ ሌሎቹን መልሰን አጃቢ አደረግናቸው።

የዚህ ጥፋት ማስረጃ ያለው ከሙዚቃው ውስጥ ነው። በ1985ቱ ካሴት ላይ ኃይሉ ብቻውን አኮርድዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር ይጫወታል፤ ምቱን የሚመታለት ማሽን ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚናገረው ዜማ እንዳለ አለ፣ እንዲያውም አኮርድዮኑ ወደ ምንጩ ስለመለሰው ይበልጥ ገላጭ ሆኗል። ግን ከ«ቼ በለው» ጎን አስቀምጦ ላዳመጠው ሰው የጎደለው ነገር ጎልቶ ይሰማል። ማሽኑ ምቱን ሳይስት ይደግማል፤ ተማረ ሐረጉ ግን ድራሙ ላይ ሲደግም ኦርጋኑን እየሰማ ነው፤ ዜማው ሲከብድ ያከብዳል፣ ኃይሉ ሲተነፍስ ይሞላለታል። የመላከ ገብሬ ባስ ሐረጉን ይዞ አልንቀሳቀስ ሲል የማህሙድ አማን ጊታር በመሃል በመሃል እየቆረጠ ይገባል። የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔትና የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን በአንድ አፍ ሲነፉ ሁለት ሰዎች መሆናቸው የሚታወቀው ትንፋሻቸው ጥቂት ሲዛነፍ ነው፤ ያቺ መዛነፍ ናት ዜማውን ሰው የሚያደርገው። ይህን የትኛውም የዳግም እትም ጽሑፍ በሚገባ ሲተነትነው አላየሁም። በአማርኛም እስካሁን ያነበብኩት የለም።

ወዳጄ ግጥምን ሲያስተምር ተማሪዎቹ ስንኙን በቃላቸው እንዲይዙት ያደርጋል። በቃሉ ያልያዘው ሰው ቤት መምቻውን፣ እረፍቱን፣ የቃሉን ክብደት አያውቀውም ይላል፤ ለማስተማር የሚጠቅም ጥብቅ ልማድ ነው። ዋሊያስ ላይም ይኸው ሥራ ይገባል። «ሙዚቃዊ ስልት» ከሸክላው ላይ መሣሪያ በመሣሪያ ወደ ኖታ ሊገለበጥ፣ የባሱና የድራሙ መስመር በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለተማሪ ሊሰጥ፣ በሕይወት ያሉት አባላት እያንዳንዳቸው የሠሩት በራሳቸው አንደበት ሊመዘገብ ይገባል። ወዳጄ ያኔም ባይወደው መብቱ ነው። ነቀፋው ግን የሆቴሉን አዳራሽ ትቶ ስለ አንድ የባስ ሐረግ፣ ስለ አንድ የኦርጋን ዝምታ መሆን ይኖርበታል፤ እኔም በዚያ ደረጃ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።